በቃለ ጉባኤ የተመዘገበው አበባ

እኔ ላይ የደረሰው ችግር ሁሉ የጀመረው እጄን በማውጣቴ ነው። ልጅ ሳለሁ ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣ ይመሰገን ስለነበር ልማዱ አብሮኝ አድጎ፣ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እጄ ሳላዘው ወደ ላይ ይወጣል። በደርግ ዘመን እንዲህ ያለ እጅ ለባለቤቱ እንደማይበጅ፣ ዘመኑን ያያችሁ ታውቃላችሁ።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታፈሰ ነዋሪውን አዳራሽ ሰበሰበና ለአብዮት በዓል እያንዳንዱ አባወራ በሩ ላይ አበባ እንዲተክል አሳሰበ። ሰዉ ብልህ ነው፤ አንዱ “ሁለት እተክላለሁ”፣ ሌላው “አጥሬ ሥር አደይ አበባ በቅሏል፣ እሱኑ እንከባከባለሁ” እያለ በቀላሉ ተገላገለ። እኔ ግን እጄ ወጣ።

“ጓዶች!” አልኩ። “አደይ አበባ መስከረም ያብባል፤ ጥቅምት ላይ ፈልጉት ብትባሉ የለም። እኛ የሚያስፈልገን የወር አበባ አይደለም!”

ከሴቶች ማኅበር ወንበሮች በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ንግግሬ የጣማቸው መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ቤት ገብቼ ባለቤቴ ስትነግረኝ ነው።

“የሚያስፈልገን ቋሚ ተክል ነው! አንድ ጊዜ ተተክሎ፣ ሥሩ መሬት ይዞ፣ ከዓመት ዓመት የሚያብብ! አንዱ ሲረግፍ ሌላው የሚተካው! እኔ በበኩሌ አሥራ ሁለቱንም ወር አበባ የማይጠፋበት ግቢ አሳያችኋለሁ!”

“ጳጉሜንስ?” አለ አንድ ተንኮለኛ ከኋላ።

“ጳጉሜንም!”

ተጨበጨበ። ጓድ ታፈሰ ወደ ጸሐፊው ዞር ብሎ “ይመዝገብ” አለ። በዚያ ዘመን ከዚህ ቃል የበለጠ የሆድ ቁርጠት የሚያመጣ ቃል አልነበረም።

ስንወጣ ሊቀመንበሩ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። “ጓድ መምህር፣ ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ መባቻ ኮሚቴው እየመጣ ያያል።”

“አንዱን ወር... ያው ዝናብ ቢዘገይ... ባይታይስ?”

“ቃል ገብቶ አለመፈጸም ምን እንደሚባል ላስተማሪ አልነግርም” ብሎ ፈገግ አለ። ጓድ ታፈሰ ፈገግ ሲል ከማይልበት ጊዜ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

ባለቤቴ አልማዝ ቤት ስንደርስ ነጠላዋን እያጠፈች፣ “የጓሮውን ሽንኩርት እንኳ የማጠጣው እኔ ነኝ። አካፋው የት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ?” አለችኝ። አላውቅም ነበር። ስለዚህ አካፋውን ትቼ ወረቀት አወጣሁ። ማስመሪያ ይዤ አሥራ ሦስት ሳጥን አሰመርኩ፤ በየወሩ ሳጥን ውስጥ የሚያብበውን ተክል የምጽፍበት ነው። ሳጥኖቹ በጣም ያምሩ ነበር። ችግሩ በውስጣቸው የሚጻፍ አለመኖሩ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ አቶ አንጁሎ በአጥሩ ክፍተት በኩል ብቅ አሉ። አቶ አንጁሎ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ ዓመት የአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አትክልተኛ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ የእህል መጋዘን ሲሆን እሳቸውም “ሰው ሰብስበው ጸሎት አድርገዋል” ተብለው ሁለት ወር ታስረው፣ ሁለተኛ እንደማይለምዳቸው ፈርመው የወጡ ሰው ናቸው። በእጃቸው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

“መምህር፣ ስብሰባ ላይ ሰማሁህ። ይሄ ካና ነው። ቅጠሏ ሙዝ ይመስላል፣ ግን ሙዝ አይደለችም። ሥሩን ቆራርጠህ ትከል፤ በወር ታብባለች።”

“ስንት ነው?”

“ምን ስንት አለው! በዝታ ቦታ ጠበበኝ።”

ሰው በነፃ የሚሰጠው ምክር ብቻ በሆነበት ዘመን አንድ ሰው ተነሥቶ አንድ ጥቅል ሥር በነፃ ሲያመጣ ምን ትጠረጥራላችሁ? እሳቸው ዘወር እንዳሉ የሙዝ ቅጠሉን ዘርግቼ የተደበቀ ወረቀት ይኖር እንደሆነ ፈተሽኩ። ሥሮቹን አንድ በአንድ አገላብጬ አየሁ። አንደኛውን በቢላ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ውስጡ ነጭ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠረኝ።

እንዲያውም ያን ሰሞን የማልጠረጥረው ሰው አልነበረም። አልማዝን ራሷን እጠረጥራት ነበር። አልማዝ የጨንቻ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከጥንት ጀምሮ ጴንጤዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ከታሸገ ወዲህ ግን ስለ እምነት ትንፍሽ ስትል ሰምቼ አላውቅም። የምትሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሰፈር ሴቶች ጋር ጥጥ ልትፈትል አቶ አንጁሎ ቤት። የጨንቻ ሰው መፍተል መቼም ያውቅበታል። ነገር ግን ዓመት ሙሉ ተፈትሎ እስካሁን ቤታችን አንድ ቡሉኮ አልገባም። ይህን አንድ ቀን በጨዋታ መልክ ሳነሳባት “ቀጭን ፈትል ነው” አለችኝ። ቢቀጥን ይህን ያህል?

ወደ አበባው ልመለስ። ጥቅምት መባቻ ኮሚቴው መጣ። ካናው ደም መስሎ አብቧል። ጓድ ታፈሰ ዙሪያውን ዞረና “ቀይ ነው። ጥሩ ነው” ብሎ ሄደ። ኅዳር ላይ ቢጫዎቹ ካናዎች ተራቸውን ይዘው አበቡ። “ቢጫ ለምን አስፈለገ?” አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አላስታውስም፤ ብቻ በመልሴ ውስጥ ላብ አደር የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ እንደገባ አልማዝ ነግራኛለች።

ሁለቱ ወር ስላለፈልኝ ጠገብኩ። በራሴ እውቀት ለመትከል ተነሣሁና ቅዳሜ በጭነት መኪና ጨንቻ ወጣሁ። ከአማቶቼ ግቢ ጽጌረዳና ስሙን የማላውቀው ሰማያዊ አበባ ከነአፈሩ አስቆፍሬ፣ በቅርጫት አቅፌ፣ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስወርድ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አቶ አንጁሎ ቅርጫቱን በአጥሩ በኩል ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“መምህር፣ ይሄ ብርድ የለመደ ነው። እዚህ እሳት ነው። አይኖርልህም።”

የከፍታና የሙቀት ዝምድናን ለዘጠነኛ ክፍል በቻርት የማስተምር ሰው ነኝ። ግን ሽማግሌው ቀኑብኝ ብዬ ጠረጠርኩ። ሰማያዊው አበባ አምስት ቀን ኖረ። ጽጌረዳው እንኳ ከአማቶቼ ጋር ላለማጣላት ይመስላል አሥራ ሁለት ቀን ታግሷል።

የግንቦትን ሳጥን የሞላሁት በድሬዳዋ ዛፍ ነበር፤ ሲያብብ እሳት የለበሰ የሚመስለው። ስንዝር የምታህል ችግኝ ተክዬ ለአቶ አንጁሎ በኩራት አሳየሁ። ጎንበስ ብለው በፍቅር አዩዋትና፣ “ጥሩ ናት። አምስት ስድስት ዓመት ጠብቃት” አሉኝ። ኮሚቴው ስድስት ዓመት የሚጠብቅ ዓይነት ኮሚቴ አልነበረም።

አጥሩ ላይ እንዲሳብ የተከልኩትን ሐረግ፣ ቡጌንቪሊያውን፣ ደግሞ ጠዋትና ማታ ባልዲ ውሃ አጠጣዋለሁ። እሱም ከምስጋና ብዛት ቅጠል ብቻ ያወጣል። “ውሃውን ተው” ይሉኛል አቶ አንጁሎ፤ “ጥም ካላወቀች አታብብም።” ተክል እንዲያብብ ውሃ ንፈገው የሚል ሰው የማን ወገን ነው? አጠጣሁ። ታኅሣሥ መባቻ ግቢዬ ውስጥ ከአንዲት ያረጀች የካና ራስ በቀር አበባ የሚባል አልነበረም። ጓድ ታፈሰ ከፊቷ ቆሞ ረጅም ጊዜ አያት። “አንድ?” አለኝ። “አንድም አበባ ነው” አልኩ፤ ድምፄ ግን ሲወጣ እንደ ጥያቄ ወጣ።

የዚያኑ ዕለት ኩራቴን ዋጥ አድርጌ በአጥሩ ክፍተት አለፍኩ። “ጥር ደረቅ ነው፣ ምን ላድርግ?” አልኳቸው። አቶ አንጁሎ አልሳቁብኝም። ጓሯቸው ውስጥ ካረጀ የእሬት ቁጥቋጦ ስምንት ትልልቅ እግር ከነሥሩ ነቅለው፣ በራሴ ግቢ በራሳቸው እጅ ተከሉልኝ። “እሬት ደረቁን ወር ይወዳል። አታጠጣው፣ ይበሰብሳል” አሉ። በደጄ ላይ እሬት ሲተከል፣ ያን መራራ ነገር፣ ምልክቱን አልወደድኩትም። ነገር ግን አማራጭ ያለው ሰው አልነበርኩም።

እሬቱ ጥር መባቻ ላይ ስምንት ዘንግ አወጣ። ረጃጅም፣ ጫፋቸው ብርቱካንማ ቀይ፣ ሻማ የተለኮሰባቸው መቅረዞች ይመስሉ ነበር። ጓድ ታፈሰ እንኳ “እህ!” አለ። ያን ለት እንደ ንጉሥ ዋልኩ፤ በደርግ ዘመን ያልተገባ አነጋገር ቢሆንም።

በቀጣዩ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዘንጎቹ አምስት ሆነዋል። ሦስቱ በቢላ ተቆርጠዋል። በሌላው ዓርብ ሦስት ቀሩ። ቡጌንቪሊያውም፣ ማጠጣቱን ትቼው ገና ማበብ ሲጀምር፣ ከአንድ በኩል ተመልምሏል። የካቲት መባቻ እየመጣ ነው። አልማዝን ጠየቅኳት። “ፍየል ይሆናል” አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። ቢላ የያዘ ፍየል!

ከአጥሩ ክፍተት እስከ እሬቱ ድረስ መሬት ለመሬት ሄድኩ። የረገፉ ትንንሽ ቀይ አበቦች ተንጠባጥበው አገኘሁ፤ ዱካው በቀጥታ ወደ አቶ አንጁሎ ግቢ ይሄዳል። ያኔ ሁሉ ነገር ተገለጠልኝ! በነፃ ሰጥተው፣ አስተክለው፣ በመጨረሻ ቆርጠው ሊያዋርዱኝ! የትኛውም ጤነኛ ሰው ሽማግሌውን ሄዶ ይጠይቅ ነበር። እኔ ቀበሌ ሄድኩ።

“አሻጥር ነው” አልኩት ጓድ ታፈሰን። ቃሉን ከአፌ እንዳወጣሁት ወደ ውስጥ ልመልሰው ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገ። “ሁልጊዜ ዓርብ ነው አልክ?” አለ። ዕለቱ ሦስተኛው ዓርብ፣ ሰዓቱም ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። አንድ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ አስከትለን መጣን።

ግቢዬ ስንደርስ የቀረው ዘንግ አንድ ብቻ ነው፤ ቁርጡ ገና እርጥብ ነው። ቀዩን ዱካ ተከትለን በአጥሩ ክፍተት ገባን። እኔ ከፊት፣ ጓድ ታፈሰ ከኋላዬ፣ ጠመንጃው ከኋላው። የአቶ አንጁሎ በር ገርበብ ብሏል። “እጅ ከፍንጅ!” ብዬ በሩን በረገድኩት።

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች በአግዳሚና በሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አቶ አንጁሎ ከመካከላቸው ቆመው በዝቅተኛ ድምፅ ይናገሩ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት የእሬት ዘንጎቼ ከቡጌንቪሊያዬ ጋር ተሰክተዋል። አጠገቡ ጥቁር መጽሐፍ ተዘርግቷል። ከመጽሐፉ አጠገብ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ አልማዝ ተቀምጣለች። እንዝርት የሚባል ነገር በቤቱ የለም።

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። አልፈራችም። ጭቃ ጫማ አድርጌ ስገባ የምታየኝ ዓይነት አስተያየት ነው ያየችኝ። ሽማግሌው ፈርመው የወጡ ናቸው፤ ሁለተኛው ጊዜ ሁለት ወር እንደማይሆን አውቃለሁ። እሷም እንደምትሄድ አውቃለሁ። ጠመንጃውን እጁን ይዤ እስከ በሩ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

“ይሄ ምንድነው?” አለ ጓድ ታፈሰ ከኋላዬ።

ያኔ እጄ ወጣ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ፣ ረስቼው ነው! እነዚህ የእኔ... የቋሚ አበባ ልማት ቡድን አባላት ናቸው። ለመላው ሰፈር እንዲያስፋፉ እያሠለጠንኳቸው ነው። አበባው ለናሙና ነው። ለናሙና እንዲቆርጡ ራሴ ፈቅጄ ራሴ ረሳሁት።”

“ታዲያ ዓይናቸውን ለምን ጨፈኑ?”

“አበባን በማሽተት መለየት! የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው።”

ጓድ ታፈሰ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ጎንበስ ብሎ እሬቱን አሸተተ። “ምንም አይሸትም” አለ።

“ለዚህ እኮ ነው ጊዜ የወሰደባቸው” አልኩ። “ዓይን ካልተጨፈነ አይገኝም።”

ትንሽ አሰበና ዓይኑን ጨፈነ። አብዮት ጠባቂውም አለቃውን አይቶ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለቱ አፍንጫቸውን እሬት ውስጥ ከትተው በረጅሙ ሲስቡ፣ የአልማዝ እጅ ብድግ ብሎ መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሣ፤ ነጠላዋ ሥር ገባ።

“አሁን ትንሽ ሸተተኝ” አለ ጓድ ታፈሰ ዓይኑን እየገለጠ። ጠረጴዛውን አየ። እኔን አየ። አልማዝን አየ። ከዚያ ያቺን የምታስፈራ ፈገግታ ፈገግ አለና፣ “ቡድን ከሆነ ይመዝገብ። ዓርብ ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ሰብሳቢ፣ ጓድ መምህር። በየወሩ ሪፖርት” ብሎ ወጣ።

ማታ እራት ላይ አልማዝን “ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት።

“ምን ብዬ? አንተ ስብሰባ ላይ አፍህ ምን እንደሚያወጣ ታውቃለህ? የወር አበባ ያልክ ሰው!”

“አበባውንስ?”

“ስምንት ነበር። ለኮሚቴህ ሁለት ይበቃዋል ብዬ ነው። የዛሬው እንኳ አንድ ብቻ መተዌ ልክ አልነበረም።”

ሳቅኩ፤ ግን ልቤ አልሳቀም። ከሷ ጸሎት ይልቅ የከነከነኝ፣ ከምታምናቸው ሰዎች መካከል እኔ አለመኖሬ ነው። ደግሞም ልክ ነበረች። አበባ ጠፋ ብሎ ጠመንጃ የሚጠራ ባል ምን ይነገረዋል? በማግስቱ አቶ አንጁሎ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ፣ “ዋሽተህ አዳንከን። ለውሸቱ አንተን ይቅር ይበልህ፤ ለተረፈው እኛ እናመሰግናለን” አሉኝ። ከዚያ ስለ ካና ሥር ማውራት ቀጠሉ።

እንግዲህ ቡድኑ ተመዝግቧል፣ ሪፖርት ይጠበቃል፤ ስለዚህ መትከል ግዴታ ሆነ። ዓርብ ዓርብ መጀመሪያ የአበባው ትምህርት ይሰጣል፤ ሰብሳቢው እኔ፣ አስተማሪው አቶ አንጁሎ። ካናን በየዓመቱ ነቅሎ መከፋፈል፣ ቡጌንቪሊያን ከደረቅ ቅርንጫፉ ቆርጦ ማባዛት፣ አንድ ተክል ከመግዛትም ከመለመንም በፊት በየትኛው ወር እንደሚያብብ መጠየቅ። ከዚያ እኔ በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ ደብተር እያረምኩ እቀመጣለሁ። ውስጥ ወደሚሆነው አልገባም፤ ግን እጠብቃለሁ። ሰው በመጣ ቁጥር ጮክ ብዬ “ማዳበሪያውን እንዳትረሱ!” እላለሁ፤ ምልክታችን ነው።

የቡድኑ አባላት ከሥራቸው አልቀለዱም። ግንቦት ሲገባ ከእኛ በር እስከ ዋናው መንገድ ድረስ አበባ የሌለበት አጥር አልነበረም። የኔ የግንቦት ሳጥን እንኳ በሌላ ሰው አጥር ሞላ። ከላይ የመጡ ኃላፊዎች በመኪና አልፈው ቀበሌውን አመሰገኑ።

ጓድ ታፈሰ ግን አላስተኛኝም። ያውቃል? አያውቅም? ባወቀ ጊዜ ምን ያደርጋል? ሲጨብጠኝ እጄን አንድ ሴኮንድ ያህል አብልጦ ከያዘ ሌሊቱን ስመረምረው አድራለሁ።

አንድ ዓርብ ሳይታሰብ ብቻውን መጣ። ከውስጥ በዝቅታ መዝሙር ይሰማል። “ማዳበሪያውን!” ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ ግን ተሰነጠቀ፤ ዘማሪዎቹም አልሰሙኝም። ጓድ ታፈሰ አጠገቤ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር ያዘ።

“ይሄ ምንድነው?”

“የሥራ መዝሙር ነው” አልኩ። “የ... የችግኝ።”

ሦስተኛው አዝማች እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“መምህር” አለኝ፤ ጓድ የሚለውን ሳይጨምር። “ባለቤቴ ቡድኑ ውስጥ መግባት ትፈልጋለች።”

“እሺ፣ ደስ ይለናል። አበባ ትወዳለች?”

“ስለ አበባ እንኳ ብዙም አታውቅም” አለ፣ ኮፍያውን መልሶ እያደረገ። “ይሄን መዝሙር ግን ከነአዝማቹ በቃሏ ታውቀዋለች።”

ቀጥሎም ድምፁን ወደ ቦታው መልሶ፣ ለሰፈሩ ሁሉ በሚሰማ አኳኋን “ማዳበሪያውን እንዳትረሱ!” ብሎ ጮኾ ሄደ።